ወለተ ኪሮስ ማን ናት

ደብረ ታቦር
ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ማታ ማታ ያስልሻል? ጾሙስ እንዴት ያዘሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ጉልበቴም የዳገቱ ነገር ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

አያ ይሻው ግን አልተሻላቸውም። ከጥምቀት ወዲህ ከመደብ ወርደው አያውቁም። ፈንታነሽ በቀን ሁለት ጊዜ እያገላበጠች ወገባቸውን በሞቀ ውኃ ታሻቸዋለች፤ እሷም ከስታ ነጠላዋ ብቻ የቆመ መስላለች። ቄስ ሙላቴ በሽተኛ ነዎትና ወተት ይጠጡ ብለው ቢፈቅዱላቸው፣ ለስንት ቀን ዕድሜ ነው ጾም የማፈርሰው ብለው አስቸገሩ። ደስ የሚል ወሬም አለ። ልጃቸው ዓይናለም ጋሳይ ከተማ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ፈንታነሽ ሄዳ ልጇን እንዳታርሳት ባሏን ለማን ትታ ትሂድ? እኔ እሄድላታለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን አልችልም። ለምን እንደማልችል ስታነቢ ይገባሻል። አያ ይሻው ተኝተው ሳለ ለልጁ ስም ልከዋል። ምስክር በሉት አሉ።

አንቺን ሳይጠይቁኝ ውለው አያውቁም። ያቺ ልጅ ደህና ናት ወይ፣ አሁንም ትጽፋለች ወይ ይሉኛል።

በስልክ ማውራት ስንችል ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኬ እኔ ዘንድ የለም። ከእኔ ቁጥር ቢደወልልሽ አታንሺ፤ እኔ አይደለሁም። መልእክት ቢመጣልሽም አትመልሺ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ሲገባኝ በአያ ይሻው ወገብ ጀመርሁ፤ ልማዴን ታውቂዋለሽ፣ ዋናውን ነገር ሁልጊዜ በጓሮ በር ነው የማስገባው።

ረቡዕ ዕለት ብሎግሽ ላይ «ዛሬ እንግዶች መጥተውብኛል» የሚል አንድ መስመር አይተሽ ሳትደነግጪ አትቀሪም። አንቺ ያልጻፍሽው ነገር በአንቺ ስም ወጥቶ ሳታይ አትቀሪም። እኔ ነኝ የጻፍሁት። ከሥሩ ልንገርሽ፣ ተረጋግተሽ አንብቢ።

ለገና መጥተሽ ያን ስልክ ስትሰጪኝ፣ የብሎግሽን መጻፊያውንም ማንበቢያውንም ከፍተሽ ያስተማርሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ተቆጥቼሽ ነበር። እሑድ እሑድ በስልክ የማወራልሽን ሁሉ እዚያ ተደርድሮ አገኘሁት። የእቴነሽ ዶሮ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል፣ እቴነሽም እንቁላሉ የኔ ነው የታቦቱ እያለች ግራ ስትጋባ። ባቄላውን ውርጭ የመታው ጊዜ። የአባትሽን ካፖርት ለብሼ ዝናብ ውስጥ የሄድሁ ዕለት እንኳ አልቀረም። የሰው ስም የለውም፤ አንዲት ጎረቤት፣ አንድ አያ ነው የሚለው። ከሥሩ ግን ወለተ ኪሮስ ይላል። እንዴት የክርስትና ስምሽን ብዬ ደነገጥሁ። ይህን ሁሉ ለማያውቁሽ ሰዎች ከምትዘረግፊ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ብዬ ጮኽሁብሽ።

ያኔ ቀስ ብለሽ ያልሽኝ ነገር እስከ ረቡዕ ድረስ አልገባኝም ነበር። መጀመሪያ የምጽፈው ለራሴ ነበር አልሽኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ማንም ስሜን ሳይጠራኝ የምውልበት ቀን አለ፤ ስጽፈው ግን የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ያነበዋል፣ እኔም እንዳለሁ ይታወቀኛል አልሽኝ። ታዲያ ይህ ባል የማጣት ነገር ነው ብዬ አሳቅሁሽ። ስሙንስ ለምን ስልሽ፣ በዚያ ስም የሚያውቁኝ እግዜርና አንቺ ብቻ ናችሁ፣ ማንም አይደርስበትም አልሽኝ። እኔም እውነት ነው ብዬ ተቀበልሁሽ። ስምሽ የሚጠራበትን ማኅበር ግን ሁለታችንም ረሳነው።

ደግሞ የአያ ይሻው ነገር አለ። ኅዳር ላይ በጋፋት በኩል ያለችው ማሳቸው ልትለካ ነው ተብሎ ፈርም ሲባሉ አልፈርምም አሉ። ሦስት ቀን ጠፍተው ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ሰው ደግፎ አመጣቸው። ለጠየቃቸው ሁሉ ከበቅሎ ወድቄ ነው አሉ። አገሩም ሁሉ እግዜር ይማርዎ ብሎ አለፈ፤ በቅሎ እንደሌላቸው የማያውቅ ሰው ግን የለም። እውነቱን፣ አስረው ወገባቸውን እንደመቷቸው፣ የነገሩኝ አንድ ጧት አጥሚት ይዤላቸው ስገባ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ አሉኝ። እኔም ለማንም አልነገርሁም፤ እሑድ ለአንቺ ነገርሁሽ እንጂ። አንቺን እንደ ሌላ ሰው መቼ ቆጥሬሽ አውቃለሁ፣ አንቺ እኔው ነሽ።

«በቅሎ የሌላቸው ሰው» ብለሽ የጻፍሽውን ያነበብሁላቸው ከገና ማግስት ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ ድገሚልኝ አሉ። ደገምሁላቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «እንዲያ ነው። አልወደቅሁም» አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ወድቄ ነው ሲሉ ሲሉ እሳቸውም ያመኑት ይመስለኛል። ፈንታነሽ ከቤት ወጥታ ጓሮ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ከዚያ ወዲህ ለምን ትጽፊያለሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ለቄስ ሙላቴ ተናግሬያለሁ፤ ለአንቺ ሳልናገር ግን ከደረቴ አይወርድም።

ጥር አጋማሽ ላይ ነው፣ ከጽሑፍሽ በታች ስሙን ያልጻፈ አንድ ሰው፣ ወለተ ኪሮስ ሆይ በቅርቡ እናገኝሻለን ብሎ ጻፈ። አንቺ ይህን ያህል አያሳስብም ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን እህል አልወርድ አለኝ። የአስተርዮ ማርያም ዕለት ማኅበራችን እቴነሽ ቤት ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፣ በመጨረሻ ቄስ ሙላቴ እንደ ወጉ ተነሥተው የታመመ፣ መንገድ የሄደ፣ የተጨነቀ ያላችሁ የክርስትና ስሙን ስጡኝ አሉ። ልጄ፣ ከተጠመቅሽ ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ማኅበር ላይ የሰጠሁት አንድ ስም ነው። አፌ ለምዶታል። ለወለተ ኪሮስ ጸልዩልኝ፣ የሚፈልጓት ሰዎች እንዳያገኟት አልሁ። ቄሱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስሙን ጠሩት።

ሴቶቹ ያን ስም ስንት ዓመት ሰምተውታል፤ ብሎግ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። እኔ ያላሰብሁት ውቤን ነው። የሙሉሐብት ልጅ ነው፤ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ኅዳር ላይ ካረፈች ወዲህ በእናቱ ቦታ ማኅበርተኛ ሆኖ ገብቷል። ሥራው መሬት ከሚለኩት ጋር ነው። ዋንጫውን ወደ አፉ ሲያነሣ እጁ አየር ላይ ቆመ። እጁን ነው ያየሁት። ከዚያ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ እቴነሽን ጠላሽ ዘንድሮ ጥሩ ወጥቶልሻል አላት።

ስንወጣ ከአጥሩ ሥር ጠበቀኝና ከቤት ይዤ የሄድሁትን ወምበሬን ተቀበለኝ። እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ «እቴቴ፣ ወለተ ኪሮስ ማን ናት?» አለኝ።

ያን ጊዜ በአያ ይሻው ላይ የሆነው ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። እኔ ነኝ አልሁት። እቴነሽ ከኋላዬ ነበረች። የእኔ የክርስትና ስም ወለተ ሐና መሆኑን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። ትን እንዳለው ሰው ሁለት ጊዜ ሳለች። ውቤም ወምበሬን እስከ ደጄ አድርሶልኝ ሄደ። በሳምንቱ ነው ውቤ ከማኅበሩ ቀን በፊት ጽሑፍሽን በወረቀት አሳትሞ ይዞ ለመምህራኑ እያሳየ ይቺን ሴት ታውቋታላችሁ ወይ ሲል መክረሙን የሰማሁት።

ሦስት ሳምንት ምንም የለም። ዝም ሲሉ አለፈ ብዬ ነበር።

ረቡዕ ከቅዳሴ በፊት ምስር ስለቅም ሁለት ሰዎች ገቡ። የአገራችን ሰዎች አይደሉም። አንደኛው ጠና ያለ ነው፣ ሰማያዊ ኮት ለብሷል፤ ሁለተኛው ከአንቺ ብዙም አይበልጥም። በጣም ትሑቶች ናቸው። ጫማቸውን እንኳ ከደጅ ጠርገው ነው የገቡት። ትሕትናቸው ነው ያስፈራኝ። ባለ ኮቱ ምስሩን አይቶ እናቴም እንዲሁ ትለቅም ነበር አለኝ። ከዚያ ወለተ ኪሮስ እርስዎ ነዎት ወይ አለ። ነኝ አልሁ። ስንተኛ ክፍል ነዎት አለ። ሰባተኛ አልሁ። ትንሹ ሳቀ። ሰባተኛ ክፍል እንዲህ አይጽፍም፣ ልጅ የለዎትም ወይ፣ ልጅዎ አይደለችም ወይ የምትጽፈው አለኝ። ለእናቷ አንድ ደብዳቤ ጽፋ የማታውቅ ልጅ ለአገር ሙሉ ትጽፋለች ብለህ ነው አልሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንቺን አምቼ ነው ያዳንሁሽ።

ባለ ኮቱ ስልኬን ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«እስቲ ይጻፉ።»

ምን ልጻፍ አልሁት። የፈለጉትን አለኝ።

መነጽሬን አደረግሁ። ጣቴ ወፍራም ነው፣ አንዱን ፊደል ስፈልግ ሌላውን እነካለሁ፤ ትንሹ ሰውዬ ጣቴን ጣቴን ያያል። ምን እንደምጽፍ አላወቅሁም ነበር። ብቻ ፊት ለፊቴ ያለውን ጻፍሁ። ዛሬ እንግዶች መጥተውብኛል። አንቺ እንዳሳየሽኝ አድርጌ ላክሁት። ከዚያ ሦስታችንም ስልኩን እንደሚፈላ ወተት ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ለምን እንደምንጠብቅ እነሱም ያወቁ አይመስለኝም።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ የማላውቀው ሰው መለሰ። ትንሹ ቀድሞ አየውና ጮክ ብሎ አነበበው። «ወለተ ኪሮስ፣ ብቻሽን ነሽ?» ይላል። እሱን ሳይጨርስ ሌላ መጣ፤ የእንጅባራ ሰው ነኝ ይላል፣ አለንልሽ ይላል። ትንሹ ይህን አላነበበውም። አንገቱን ደፋ።

ለገና ያልሽኝ ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ያ ጥያቄ ሲመጣ ግን ብቻዬን አልነበርሁም። ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ መልካቸውን አላውቅም፣ ቢያገኙኝም አያውቁኝም፤ ግን አንድ ሰው እንጅባራ ላይ ሥራውን አቁሞ ቤቴን በልቡ ያያል። ለካ ለዚህ ነው። ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ባል አግቢ ብዬ አልቀልድብሽም ነበር።

ባለ ኮቱ ስልኩን ኪሱ ከተተና ተነሣ። ሰኞ በሦስት ሰዓት ወደ እኛ ይመጣሉ አለኝ። ሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ በዓል ነው አልሁት። እኛ በበዓልም እንሠራለን አለ።

አሁን የምልሽን እንደ ኑዛዜ ስሚኝ።

እንዳትመጪ። እናትሽ ታመመች ቢሉሽ፣ ሞተች ቢሉሽም እንኳ እንዳትመጪ፤ በእጄ የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ ካላየሽ እግርሽ ከባሕር ዳር እንዳይነቃነቅ። ሁለተኛ፣ ምንም እንዳትጽፊ። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ ወለተ ኪሮስ ሌላ ቦታ ሆና ከጻፈች ሁለታችንም አለቅን። እጅሽን ቢያሳክክሽ ደብተር ላይ ጻፊና ትራስሽ ሥር አድርጊው። በገጹ ላይ በስምሽ አንድ ነገር ቢወጣ እነሱ ናቸውና አትጠጊው። የክርስትና ወረቀትሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ቤቴን ቢፈትሹ እንዳያገኙት ነው። አንቺም ጋ እንዳይገኝ፣ ልብሽ ከጨከነ አቃጥይው፤ ካልጨከነ ደግሞ የሆነ የምታምኚውን ቦታ ፈልጊለት።

የአያ ይሻውን ጽሑፍ አጥፊው ልልሽ ነበር። ሁሉም ነገር የመጣው በእሱ ነውና። ትናንት ገብቼ ልታጠፋው ነው ብላቸው፣ «ካጠፋችሁት እኮ እንደገና ከበቅሎ ወደቅሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አጥፊው የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ይቀመጥ። የሚያመጣውን እኔ እቀበላለሁ።

የቤቱ ነገር አያሳስብሽ። ላሟን ከትናንት ጀምሮ ፈንታነሽ ታልባለች። ዶሮዎቹን እቴነሽ ወስዳለች፤ በእሷ ቤት ከሰነበቱ እነሱም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጣል ይጀምራሉ። ቁልፉም እሷ ዘንድ ነው። የተለቀመውን ምስር ለዓይናለም አራስ ቤት ልኬዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ተስፋነህ ነው፣ የሐሙሲት ሚኒባስ የሚነዳው። በሶ ለልጄ አድርስልኝ ብየዋለሁ፤ በበሶው መሐል ምን እንዳለ አያውቅም፣ አንቺም አትንገሪው። በሶውን ደግሞ ብዪው፣ ጥሩ ገብስ ነው።

ሐሙስ ዕለት እቴነሽ መጥታ ነበር። አስጠርተው ጠይቀዋት ነው የመጣችው። ገና ሳትቀመጥ አንቺ አፈ ሰፊ፣ ልጅሽን ለቄስ ስትሰጪ ለአገር ሰጠሻት ብላ ወረደችብኝ። ከዚያ ምን አልሻቸው ስላት፣ ወለተ ኪሮስ እሷ ናት፣ ሃያ ምናምን ዓመት በማኅበር ስሟ ሲጠራ ሰምቻለሁ አልኋቸው አለች። ሌሎቹንም ሴቶች ዞራ አግኝታቸዋለች። ሁሉም አንድ ቃል ናቸው።

ትናንት ደግሞ ቄስ ሙላቴ መጡ። እሳቸውንም ጠይቀዋቸዋል። የንስሐ ልጆቼን ስም ለፈጣሪ እንጂ ለሰው አልናገርም ብለዋቸዋል፤ እነሱም ለዛሬ ይቆየን ብለው ተዋቸው። ስለ ሐሰቴ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። መስቀል አሳለሙኝ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ «በይ ደህና ዋይ፣ ወለተ ኪሮስ» አሉኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ወለተ ሐና ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው ያለቀስሁት።

እንግዲህ ልጄ፣ የአባትሽ አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። በወጣሽበት ደጅ በሰላም ያስገባሽ። ዓይናቸውን ከአንቺ ላይ ያንሣልኝ። እጅሽን ይባርከው፣ አንድ ቀን ሳትፈሪ የምትጽፊበት ያድርገው። በእኔም አትዘኝብኝ፤ የተናገርሁት አፌ ነው፣ የምመልሰውም በአፌ ነው።

ደብዳቤውን ልዘጋው ስል ሰው ጠራኝ። ውቤ ነው። ግባ ስለው አልገባም አለ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ያያል። ጧት በፀሐይ ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሞ እንደ ሌባ ነው የሚያየው። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ አያ ይሻው ጠየቀኝ። የእናቱን ስም አንሥቶ የሆነ ነገር ሊል ፈለገና ተወው። ሊሄድ ከዞረ በኋላ መለስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እቴቴ፣ ሰኞ ሲመጡ ጋቢ ይያዙ። እዚያ ቤቱ ብርድ ነው፤ ሌሊት አይቻልም» አለኝ።

ጋቢውን አጥቤ አጥሩ ላይ አስጥቼዋለሁ። እስከ ሰኞ ይደርቃል።

እናትሽ